ክፍል 12፣ አምስት ሰው

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በሰፈራቸውና በሥራቸው «እማማ ሜትር» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 66 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀደም ሲል የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሰፊ
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባላቸው የሞቱባቸው፤ የሁለት ልጆች እናት፣ የአንዲት ልጅ አያት
አድራሻ፦ ለጊዜው በደሴቲቱ የቤተሰብ መዝናኛ ሆቴል፣ ክፍል ቁጥር 12
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡15 ሰዓት ጀምሮ፣ በደሴቲቱ ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ በዛሬው ዕለት ከአሸዋ ደሴቷ ሳይመለሱ ቀርተዋል ተብለው ስለተፈለጉ አራት ሰዎች

ይህን ቃል የምሰጠው በገዛ ፈቃዴ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም መርማሪው ውሃ ጠጥቼ እንድረጋጋ ሲለምነኝ ቶሎ ይጻፍልኝ ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። የምቸኩልበትም ምክንያት ሁሉም ሰው ካፒቴን እያለ የሚጠራው ጀልባ ነጂ አራት ሰው ባሕር ላይ ጥሎ መጥቷል ተብሎ፣ ፈቃዱን ተነጥቆ፣ እግሩ በፋሻ እንደተጠቀለለ በቀጣዩ ክፍል ተይዞ ስለሚገኝ ነው። ካፒቴኑ ማንንም አልጣለም። የጠፋ ሰው የለም። ሲፈለጉ የዋሉት አራት ሰዎች ሁለት ልጆቼ፣ አማቼና የልጅ ልጄ ሲሆኑ፣ ወደዚህች ደሴት ከመጀመሪያውም አልመጡም። መርማሪው ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ሦስት ጊዜም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቻለሁ።

የጉዞው ሐሳብ የወንዱ ልጄ ነበር። ባለፈው ዓመት እኛ ቤተሰቦች በስልክ በምንጻጻፍበት ቡድን ላይ ዘንባባና ነጭ አሸዋ የሚታይበት ፎቶ ለጥፎ «እማ፣ ከእንግዲህ ሰበብ የለም፤ አምስታችንም አንድ ላይ!» ብሎ ጻፈ። ይህ ልጄ 39 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ክብደቱ አዋላጇን አስደንግጧት ስለነበር ዱባዬ አልኩት፣ ዛሬም ዱባዬ ነው። እህቱ 35 ዓመቷ ነው፣ ሚጡ እላታለሁ። የሚጡ ባል ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፋቸውም በእኔ አፍ እስካሁን ሙሽራው ነው። የእነሱ ልጅ ጩጬ ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁሉም የሚኖሩት እኔ ካለሁበት ከተማ ርቀው፣ እርስ በርስም ተራርቀው ነው። አምስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደርነው ለመጨረሻ ጊዜ ከአራት ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ በተቀበረ ሰሞን ነበር።

ለጉዞው አምስት ሸሚዞች ሰፋሁ። ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ፣ ቢጫ፣ ቁልፋቸው ሰማያዊ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ አንድ ልጅ ገና በሩን አልፎ ሲገባ የትከሻውን ልክ ከወንበሬ ሳልነሳ እናገር ነበር። የገዛ ልጆቼን ልክ ግን የወሰድኩት ከስልክ ፎቶ ላይ ነው። ልካችሁን ላኩልኝ ብላቸው ይልኩልኝ ነበር፤ ነገር ግን ሳያስቡት እንዲደሰቱ ብዬ ደበቅኩ። የእጅጌውና የታችኛው እጥፋት በጊዜያዊ ነጭ ክር ብቻ ተይዞ እንዲቆይ አደረግሁ፤ እላያቸው ላይ አይቼ፣ አሳጥሬ ወይም አስረዝሜ፣ እዚሁ ደሴቲቱ ላይ በእጄ ልጨርሰው። የጩጬን በጣም አስፍቼ ሰፋሁት። ምን ያህል እንዳደገች እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዱባዬን የሥራ ጉዳይ ገጠመው። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጩጬ ፈተና ወደዚያው ሳምንት ተዛወረና ሚጡ ቀረች። ሚጡ ከቀረች ሙሽራው ከአማቱ ጋር ብቻውን አሸዋ ላይ ተቀምጦ ምን ይሁን፣ እሱም ቀረ። በማንም አልተቀየምኩም ብዬ ጻፍኩላቸውና ከሥሩ የሚስቅ ፊት ለጠፍኩ። እነሱ እኔም የቀረሁ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን ከድሮ የሥራ ጓደኞቼ ጋር እሄዳለሁ አልኳቸው። ይህን ያልኩት እንዳይጨነቁ ነው። የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ሁለት ሲሆኑ አንዷ ሞታለች፣ ሌላዋ ዓይኗ ደክሞ ከቤት አትወጣም።

ሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ ሆቴሉ ደረስኩ፤ ክፍሉ ለአምስት ሰው እንደተያዘ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ «እንኳን ደህና መጡ እማማ፣ ቤተሰቡስ?» ስትለኝ «ከኋላ ናቸው» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ተጠይቄ የምመልሰው፣ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ባለው ክፍል 12 ውስጥ አምስት ፎጣ በአበባ ቅርጽ ተጣጥፎ በየአልጋው ላይ መቀመጡን በተከፈተው በር በኩል አይቼ ስለነበር ነው። ያን ያጣጠፈ ሰው ልፋት ከንቱ ሲሆን ማየት አስጠላኝ። ውሸቱ እንደ ዋዛ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

በዚያ ሆቴል እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ የክፍሉ ቁጥርና የሰዎቹ ብዛት ተጽፎ በቤተሰቡ ታላቅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ስም የለበትም። የቤተሰብ ጨዋታዎቹ ስምንት ሲሆኑ በእያንዳንዱ ላይ ማኅተም ይመታል። ስምንቱንም የጨረሰ ቤተሰብ ዓርብ ዕለት ፎቶ ተነስቶ በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጨዋታዎቹን የምትመራው ከአንገቷ ፊሽካ የማይለያት ወጣት ናት፤ ልጆቹም ፊሽካ ብለው ይጠሯታል፣ እኔም እንዲሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የአሸዋ ቤት ውድድር ነበር። አምስት ባልዲ ተሰጠኝ። ሌሎቹ ቤተሰቦች እየተጯጯሁ ግንብ ሲቆልሉ እኔ ሜትሬን አውጥቼ ባለ አምስት ክፍል ቤት ሠራሁ፤ ግድግዳው ልኩን የጠበቀ፣ መስኮቱ ከበሩ ጋር የተስተካከለ። ሁለተኛ ወጣሁ። ፊሽካ «እማማ፣ ቤተሰብዎን አንድ ቀን እንኳ አያሳዩንም?» አለችኝ። «ፀሐይ በዝቶባቸው ገብተዋል» አልኳት። ከሰዓት በኋላ በባለ ሁለት መቀመጫ ጀልባ ቀዘፋ ነበር። ፊት ለፊት ሰው ካልተቀመጠ የጀልባው አፍንጫ ስለሚነሳ በቦታው የአሸዋ ከረጢት አስቀመጡልኝ። ከከረጢቱ ጋር ሆነን ሦስተኛ ወጣን። መሐል ላይ ሳላስበው «ደከመህ እንዴ?» እንዳልኩት አስታውሳለሁ፤ መርማሪው ይህ አይጻፍ ቢለኝም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት በየዘንባባው ሥር የተደበቀ ወረቀት እያነበቡ ሀብት መፈለግ ነበር፤ ሀብቱ የዛጎል አንገት ጌጥ ሆኖ ተገኘ፣ ለጩጬ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ እግር ለእግር ታስሮ መሮጥ ነበር። አብሮኝ የሚታሰር ስላጣሁ የክፍል አጽጂዋ መጥረጊያዋን አስቀምጣ መጣችልኝ፤ እየተሳሳቅን ወደቅን፣ ማኅተሙን ግን አገኘን። ይህች ሴት እውነቱን ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። በየጠዋቱ አራቱን አልጋዎች በእጄ እያተራመስኩ፣ ትራሱን በጡጫ እያጎደጎድኩ እወጣ ነበር፤ እሷም ሳትናገር ታነጥፋቸው ነበር። አንድ ቀን ብቻ «ልጆችዎ ሲተኙ ፀጉር እንኳ አይረግፍባቸውም» አለችኝና ስቃ ወጣች። በየማታው ከነበሩት ሦስት ጨዋታዎች ጋር እስከ ረቡዕ ማታ ሰባት ማኅተም ነበረኝ። የቀረችው ስምንተኛዋ፣ የአሸዋ ደሴቷ ጉዞ ነበረች።

አሸዋ ደሴቷ ባሕሩ ሲሸሽ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የምትታይ፣ ዛፍም ጥላም የሌላት የአሸዋ ጉብታ ናት። ጠዋት በሁለት ጀልባ ይኬዳል፤ ልጆቹ ወለሉ መስታወት በሆነው፣ ትልልቆቹ በካፒቴኑ ጀልባ። ሲመለሱ ግን ሁሉም በካፒቴኑ ጀልባ ነው። መሳፈሪያው ላይ የሚቆመው መዝጋቢ ሰው አይቆጥርም። የአንዱ ቤተሰብ ሰዎች በሁለቱ ጀልባ ስለሚበታተኑ ካርዱን ብቻ አይቶ ቁጥሩን ይጽፍና ድምሩን ለካፒቴኑ ይሰጠዋል፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ካርዴን አይቶ «ክፍል 12፣ አምስት» ብሎ ጻፈ። ቀና ሳይል «ሌሎቹ በዚያኛው ገብተዋል?» አለኝ። «ገብተዋል» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

ደሴቷ ላይ የመጥለቂያ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ተሰጠን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ባሕር ውስጥ ነከርኩ። ሰማያዊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ላይ በኖራ የተሰመረ የሚመስል ዓሣ አፍንጫዬ ሥር መጥቶ ቆመ። «ጩጬ፣ እይ!» ልል አፌን ስከፍት የጨው ውሃ ጠጣሁ። አንድ የማላውቀው ሰው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎልኝ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ገደማ ከሰው ራቅ ብዬ ከጉብታው ማዶ ሄድኩ። የራሴን ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ የቀሩትን አራቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በቁመታቸው ተራ አሸዋው ላይ ዘረጋኋቸው፤ የአንዱን እጅጌ በሌላው እጅጌ ላይ አደረግሁ። ዳር ላይ እኔ ተቀመጥኩና ፎቶ አነሳሁ። ለቡድናችን «ይኸው፣ አምስታችንም አለን» ብዬ ለሳቅ ልለጥፈው ነበር። ፎቶውን ሳየው ግን አላሳቀኝም። አልላክሁትም። ስልኬን ለመርማሪው ሰጥቼ ፎቶውን ተመልክቶታል። ከዚያ በኋላ ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። የመመለሻው ጥሪ ሲሰማ ብነሳ ውሃው እግሬ ሥር ደርሷል፣ ሸሚዞቹም የሉም። ሸሚዞቼ ተወሰዱ ብል የማን ናቸው መባሉ አይቀርም፤ ዝም ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ጀልባው ላይ ወጣሁ።

ከቀኑ 7፡40 ሰዓት ላይ ካፒቴኑ እንደ ደንቡ ቆጠረ። የተሰጠው ድምር ሠላሳ አንድ ነው፤ ጀልባው ላይ ያለነው ሃያ ሰባት ነበርን። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ በየክፍሉ እየጠራ «ተሟልታችኋል?» እያለ ጠየቀ። «ክፍል 12?» ሲል እጄን አወጣሁ። «ቤተሰብዎ ተሟልቷል እማማ?» አለኝ። «ተሟልቷል» አልኩ። እስከዚህች ድረስ የዋሸሁት ውሸት ለማንም ጉዳት አልነበረውም፤ ሰውየውን እዚህ ያስቀመጠችው ግን ይህችኛዋ ናት።

ወዲያው ሰፌድ የሚያክል ባርኔጣ ያደረገች ተሳፋሪ ጮኸች። ቢጫ ሸሚዝ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ካፒቴኑ በመቅዘፊያ ስቦ አወጣው፤ የጩጬ ነው። ቀጥሎ ሌላ፣ ወንድ ልክ፣ ራቅ ብሎ ታየ። ሴትየዋ ዞራ እኔን አየች፣ የለበስኩትንም አየች፣ እጇንም አፏ ላይ ጫነች። ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ካፒቴኑ መጥቶ እፊቴ ተንበረከከ። «እማማ፣ ስማቸው ማን ነው? ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። ዱባዬ፣ ሚጡ፣ ሙሽራው፣ ጩጬ አልኩት። አልመጡም ማለት ነበረብኝ፤ የጠየቀኝ ግን ስማቸውን ነበርና ስማቸውን ነገርኩት።

በሬዲዮ እርዳታ ጠርቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ከ7፡50 እስከ 8፡30 ድረስ፣ ማለትም ለአርባ ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጠልቆ ወጣ፤ ቆጥሬያለሁ። በወጣ ቁጥር እጆቹን አፉ ላይ ሰብስቦ «ጩጬ! ዱባዬ! ሚጡ! ሙሽራው!» እያለ ይጣራ ነበር። ሌሎች ሁለት ጀልባዎች መጥተው አካባቢውን ዞሩ፤ እነሱም የልጆቼን ስም ይዘው ተጣሩ። ሴቶቹ አቅፈውኝ ነበር። አንዷ እግሬን ታሻልኝ ነበር። በመጨረሻ ካፒቴኑ ሲወጣ ግራ እግሩን የባሕሩ ድንጋይ ከተረከዝ እስከ መሐሉ ቀዶት ደሙ እየወረደ ነበር። የጀልባውን ጠርዝ ይዞ፣ እኔን እያየ «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አላገኘኋቸውም» አለኝ። ያን ጊዜ እጁን ያዝኩት። «ልጄ፣ ውጣ። አልመጡም» አልኩት።

«አልመጡም?» አለ።

«አልመጡም። ከቤታቸው አልወጡም።»

«ማንም?»

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

ከአባቶቹ አንዱ «እብድ ናት!» ብሎ ጮኸ፤ ልክ ነው፣ አልተቀየምኩም። እግሬን የምታሻው ሴት እጇን አነሳች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፣ ከሥሬ ያለው ግን ባሕር ነው። ካፒቴኑ ብቻ አልተቆጣም። ወጥቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋና ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» አለ። ከዚያ ፎጣውን ለእግሩ ይሆናል ስል ለእኔ ትከሻ ወረወረልኝ።

ወደ መሳፈሪያው ስንመለስ ፖሊስ ደርሶ ነበር። ጥሪው በሬዲዮ ስለተላለፈ የእኔ ቃል ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ አራቱም ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን በገዛ ድምፃቸው ካላረጋገጡ ካፒቴኑ እንደማይለቀቅ ተነገረኝ። ልጆቼ ስደውልላቸው ቶሎ የሚያነሱ ልጆች አይደሉም። ይህንንም ለመርማሪው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው ብዬ።

መርማሪው ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ በራሴ ስልክ ደወለ። ዱባዬ አላነሳም። ሚጡ በሦስተኛው አነሳች። መርማሪው ማንነቱን ሲነግራት «እናቴ ምን ሆነች? እናቴ እኮ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ናት!» ብላ ጮኸች። እኔ ደህና መሆኔን፣ የተፈለገውም ሌላ ሰው መሆኑን ነገራት። «ማን ነው የጠፋው ታዲያ?» አለች። መርማሪው ትንሽ አሰበና «እናንተ» አላት። ሙሽራውም ቀርቦ «አለሁ» አለ። ቀጥሎ ጩጬ ስልኩን ነጥቃ «እማማ፣ እኛ ጠፍተን ነበር? ማን ነበር የሚፈልገን?» አለችኝ። «አንድ ካፒቴን» አልኳት። «አገኘን?» አለች። መርማሪው ነው «አዎ፣ አሁን አገኘናችሁ» ያላት።

ዱባዬ በስድስተኛው ጥሪ አነሳ። መጀመሪያ ያለው ቃል «እማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ነበር። መርማሪው ጉዳዩን ሲያስረዳው «ሸሚዝ ሰፍታልን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አዎ ተባለ። በሕይወት መኖሩን እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ ድምፁ ተቀይሮ ነበር፤ አረጋገጠ።

ከባሕሩ የወጡት ሸሚዞች ቀርበውልኝ አይቻቸዋለሁ። ሦስት ናቸው፤ የሚጡ አልተገኘም። መርማሪው የእጅጌውና የታችኛው እጥፋት በጊዜያዊ ክር ብቻ መያዙንና ማንም ለብሷቸው እንደማያውቅ ራሱ አስተውሎ በመዝገቡ አስፍሯል። የእኔ ግን ተጨርሶ የተሰፋ ነው፤ የራሴን ልክ አውቀዋለሁና።

ከቀኑ 11፡30 ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ከነፈቃዱ ተለቀቀ። ሲወጣ በሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ «ጩጬ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰባት» አልኩት። «የአሥር ዓመት ልጅ ነበር የምፈልገው፤ ሸሚዙ ትልቅ ነው» አለኝ። አስፍቼው ነው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ እያነከሰ ሄደ። ይቅርታ እንዳልጠየቅኩት ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ እንዲጻፍና እንዲነገረው እጠይቃለሁ።

ቃሉ ከተነበበልኝ በኋላ በራሴ ጥያቄ የታከለ፦ ጀልባው ላይ ለአርባ ደቂቃ ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠይቄ መጀመሪያ በአንደበቴ የሰጠሁት መልስ አፍሬና ደንግጬ ነው የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ሰውየው ስማቸውን ሲጠራ ስለሰማሁ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ሊመሽ ሲል በራፌ ላይ ቆሜ እንደዚያ እጣራ ነበር፤ ከየጎረቤቱ ግቢ እየሮጡ ይመጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን በዚያ ዓይነት ድምፅ፣ ይምጡልኝ ብሎ፣ የጠራ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ይድገመው እያልኩ ነው አርባ ደቂቃ የሞላው። ያ ዝምታዬ የሰው እግር አቁስሏል፤ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

ሚጡ በስልክ መጨረሻ ላይ «ቅዳሜ በሚመጣው ጀልባ አራታችንም እንመጣለን፤ የትም እንዳትሄጂ» ብላኛለች። መርማሪው ይህንንም ልጻፈው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቃል መስጠት ስጀምር በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር ስለነገረኝ፣ ብላኛለች ተብሎ ይጻፍ እንጂ ይመጣሉ ተብሎ እንዳይጻፍ ጠይቄያለሁ። ከዚህ በላይ የሰፈረው ከአፌ የወጣ፣ ተነቦልኝ የሰማሁትና የማልሸሸው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ምስክሯ የተረከቡት ንብረት፦ ስልክ አንድ፤ የቤተሰብ ካርድ ባለ ሰባት ማኅተም አንድ፤ ቢጫ ሸሚዝ ሦስት። ምስክሯ ከመሄዳቸው በፊት ነጭ ክርና መርፌ ጠይቀው ከጣቢያው ተሰጥቷቸዋል።